የፈረመ ሁሉ አላየም፦ የመንኮራኩር ሙከራና የመንግሥት ቁጥጥር

ሴፕቴምበር 6 ቀን 2003፣ ቅዳሜ። ካሊፎርኒያ፣ ሰኒቬል በሚገኘው የሎክሂድ ማርቲን ፋብሪካ ኖዓ ኤን ፕራይም የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የአየር ጠባይ ሳተላይት ማዞሪያ ጋሪ ላይ ቆሟል። ጋሪው ቀጥ ብሎ የቆመን ሳተላይት ቀስ አድርጎ በጎኑ የሚያስተኛ ነው። ሳተላይቱ ግን በቀጥታ ጋሪው ላይ አይቀመጥም፤ በመካከላቸው በ24 ብሎን ከጋሪው ጋር የሚታሰር ሰሌዳ አለ። ጋሪው 13 ዲግሪ ያህል ሲያዘነብል ሳተላይቱ ተንሸራተተና አንድ ሜትር ገደማ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ተዘረረ። ከ24ቱ ብሎኖች አንዱም በቦታው አልነበረም። በዚያው ጋሪ የሚገለገል ሌላ ቡድን ከቀናት በፊት ፈቷቸው ነበር፤ መፍታቱን ግን የትም አልመዘገበም። ጥገናው 135 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፤ ሳተላይቱም የተወነጨፈው በፌብሩዋሪ 2009 ነው። (ዛሬ የምንጠራቸው ዓመታት፣ መጨረሻ ላይ ከሚመጣው አንድ ቀን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ የብሎን ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ መድረክ ላይ አይነሳም ነበር። የሥራው ቅደም ተከተል በጽሑፍ ነበረ። ሰሌዳው መታሰሩን አረጋግጥ የሚል መስመርም ነበረበት፤ መስመሩም ተፈርሞበታል። ኃላፊው መሐንዲስ «ያረጋገጠው» ግን ጋሪው ሥር አጎንብሶ አይቶ ሳይሆን ከቀደመው ሥራ የቀረውን ወረቀት አገላብጦ ነው። ከቴክኒሻኖቹ አንዱና የጥራት ተቆጣጣሪው ሥራውን ራሳቸው ሳይሠሩም፣ ሲሠራ ሳያዩም ፈርመዋል። የመንግሥት ተወካይ ቆሞ ሊያየው የሚገባ የግዴታ ፍተሻም ቀርቷል። ከሁሉ የሚያንገበግበው፣ ባዶ ቀዳዳዎቹን አይቶ የተናገረ ሰው ነበር፤ ሰሚ አላገኘም።

የዛሬው ንግግራችን የሚዞረው በዚህ ነገር ዙሪያ ነው። የሙከራ ደረጃ የሚባለው ስንት ጂ (የመሬት ስበት ስንት እጥፍ)፣ ስንት ዲግሪ፣ ስንት ደቂቃ የሚለው ቁጥር ብቻ ይመስለናል። ቁጥሩ የደረጃው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ሙከራው ሲካሄድ ማን ቆሞ እንዳየ፣ ያየውም ሰው ደመወዙን ከማን እንደሚቀበል ነው። አገራችን «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ትላለች፤ ተቋራጭ የራሱን ፈተና ራሱ ሲያርምም እንዲሁ ነው። ክፋት አያስፈልገውም፤ የመርሐ ግብር ጥድፊያ ብቻውን ይበቃል።

በቁጥሩ እንጀምር። በናሳ ጎዳርድ የሕዋ በረራ ማዕከል ጂኤስኤፍሲ ኤስቲዲ 7000 የሚባል ሰነድ አለ፤ ሠራተኛው ባጭሩ ጌቭስ ይለዋል። በአሜሪካ ጦር በኩል ሚል ስታንዳርድ 1540 ነበረ፤ በኋላ ቦታውን ኤስኤምሲ ኤስ 016 ያዘ። አውሮፓውያን የኢሲኤስኤስን ደረጃዎች ይጠቀማሉ። ቁጥሮቻቸው ይለያያሉ እንጂ አስተሳሰባቸው አንድ ነው። ንድፉን መፈተን አንድ ነገር ነው፤ በንድፉ መሠረት የተሠራውን እያንዳንዱን ዕቃ መፈተን ሌላ ነገር ነው። ንድፉ የሚፈተነው ወደ ሕዋ በማይሄድ መንትያ ላይ፣ በበረራ ከሚጠበቀው በላይ አስጨንቆ ነው። የሚበረው ዕቃ ደግሞ በሚጠበቀው መጠን ይፈተናል፤ እዚያ የሚፈለገው የእጅ ሥራ ጉድለት ነው፦ ያልጠበቀ ብሎን፣ የቀዘቀዘ የቆርቆሮ ብየዳ፣ የተቆነጠጠ ሽቦ። መንትያ ለመሥራት ገንዘብ በማይኖርበት ጊዜ የሚበረውን ዕቃ ራሱን በንድፍ መፈተኛው መጠን፣ ግን ባጠረ ጊዜ ይፈትኑታል። ፕሮቶፍላይት የሚባለው ይህ ነው። የሳይንስ ሳተላይቶች አብዛኞቹ እንዲህ ነው የሚሠሩት።

በጌቭስ ውስጥ 22.7 ኪሎ ወይም ከዚያ በታች ለሚመዝን ሣጥን (የመንኮራኩሩ አንድ የመሣሪያ ክፍል)፣ ስለ ሮኬቱ የተለየ መረጃ ከሌለ፣ የንዝረቱ መጠን ተቀምጧል። ለሚበር ዕቃ በጠቅላላ 10.0 ጂ ሲሆን፣ ከ50 እስከ 800 ኸርዝ ባለው ክልል 0.08 ጂ ካሬ በኸርዝ (የንዝረቱ ኃይል በየድግግሞሹ ሲከፋፈል) ነው። ለንድፍ መፈተኛ 14.1 ጂ ሲሆን፣ በዚያው ክልል 0.16 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 3 ዴሲቤል ይባላል፤ ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ጂው በ1.41 ይባዛል፤ አሥሩ አሥራ አራት ነጥብ አንድ የሆነውም ለዚህ ነው። ጊዜው በየአቅጣጫው ለንድፍ 2 ደቂቃ፣ ለሚበረውና ለፕሮቶፍላይት 1 ደቂቃ ነው። ሮኬቱ የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ከ6.8 ጂ በታች መውረድ አይፈቀድም፤ ከዚያ በታች ከሆነ ንዝረቱ የላላ ነገር አያጋልጥም።

ፈተናው በሚነዝረው ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚመስል በቅርብ እንየው። ሣጥኑ ከመውጣቱ በፊት ማሰሪያው ብረት ብቻውን ይነዘራል፤ ማሰሪያው ራሱ በፈተናው ክልል ውስጥ የሚዘፍን ከሆነ ሣጥኑን ሳይሆን ማሰሪያውን ፈተናችሁ ማለት ነው። ከዚያ ሣጥኑ ይታሰራል። ብሎኖቹ በተጻፈው ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) ይጠብቃሉ፤ የቶርክ ቁልፉ የመለኪያ ማረጋገጫ ቀን ይነበባል፣ ይጻፋል። አክስለሮሜትሮቹ (የንዝረት መለኪያዎቹ) ይለጠፋሉ፤ እያንዳንዱ በጣት መታ ተደርጎ የትኛው መስመር ላይ እንደሚወጣ ይታያል፤ ሁለት ገመድ ተቀያይሮ ሥራ የተበላሸበት ጊዜ ብዙ ነውና። ቀጥሎ በሩብ ጂ ገደማ ከ20 እስከ 2000 ኸርዝ ቀስ ተብሎ ይዳሰሳል፤ ይህ የሣጥኑ የጣት አሻራ ነው። ከዚያ ዋናው ንዝረት ይመጣል፤ እሱም በደረጃ ነው፦ በ12 ዴሲቤል ዝቅ ተብሎ ይጀመራል፣ ወደ 9፣ ወደ 6፣ ወደ 3 ይወጣል፣ በመጨረሻ ሙሉው ይሰጠዋል። በየደረጃው ቆም ተብሎ የወጣው መስመር ይታያል። ሲያልቅ የጣት አሻራው እንደገና ይነሳል፤ ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው ይነጻጸራሉ። በኢሲኤስኤስ መሠረት ዋና ዋናዎቹ ሞዶች (ሣጥኑ በተፈጥሮው አብዝቶ የሚነዘርባቸው ቦታዎች) በድግግሞሽ ከ5 በመቶ በላይ፣ በከፍታ ከ20 በመቶ በላይ ከተንሸራተቱ ጠረጴዛው ይቆምና ይመረመራል።

ብዙ ጊዜ መስመሩን የሚያንሸራትተው የታሰረው ዕቃ ሳይሆን አንድ የላላ ብሎን ነው። ቴክኒሻኑ ብሎኑን አጥብቆ ሊቀጥል ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ነው ተቆጣጣሪው የሚያስፈልገው። ብሎኑ ለምን ላላ? ዳዶው የሚቆልፍ ዓይነት አይደለም? ሮንዴላው ተረስቷል? ስንተኛ ጊዜ ነው የተፈታውና የታሰረው? የሚቆልፍ ዳዶ በተፈታ በታሰረ ቁጥር መያዣው ይዳከማል። መልሱ ሳይጻፍ የጠበቀ ብሎን ሮኬቱ ላይ እንደገና ይላላል።

ፈታኙ ራሱም ዕቃ ይሰብራል። ማርች 21 ቀን 2000 በጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ የፀሐይ ፍንዳታ የሚያጠናው ሄሲ የተባለ መንኮራኩር ጠረጴዛ ላይ ሳለ 2 ጂ ሊደርሰው ሲገባ 20 ጂ ገደማ ደረሰው። ነዛሪውና የሚንሸራተተው ሰሌዳ በትክክል አልገጠሙም ነበር፤ ሰሌዳው ተይዞ ቆየ። የመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር በዝቅተኛው ሙከራ ያየውን ዝምታ ተመልክቶ የበለጠ ኃይል ያስፈልጋል ብሎ ደመደመ፤ ሙሉው ትዕዛዝ ሲሰጥ የተያዘው ሰሌዳ አፈተለከ። አካሉና የፀሐይ ሰሌዳዎቹ ተጎዱ፤ በዚያው ዓመት ሊወነጨፍ የነበረው እስከ ፌብሩዋሪ 2002 ቆየ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ መንኮራኩሩ ከመውጣቱ በፊት በክብደት እኩል የሆነ ብረት አስረው ያንኑ ሙከራ ማካሄድ። ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው።

የቫኪዩምና የሙቀት ፈተናው ረጅምና አሰልቺ ነው፤ ጠረጴዛው በደቂቃ የሚጨርሰውን ይህኛው በሳምንት ይጨርሳል። ክፍሉ ከ0.00001 ቶር በታች ይወርዳል፣ በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ከ70 ሚሊዮን እጥፍ በላይ ያነሰ ማለት ነው። ግድግዳው በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዘቅዛል። ሣጥኑ ከሚጠበቀው ሙቀት 10 ዲግሪ በላይ፣ ከሚጠበቀው ቅዝቃዜም 10 ዲግሪ በታች እየተመላለሰ ይፈተናል፤ በጌቭስ ለአንድ ሣጥን ቢያንስ 8 ምልልስ፣ ለተሟላ መንኮራኩር 4፤ ሣጥኑ በየጫፉ ቢያንስ 4 ሰዓት ይቆያል። አራቱ ሰዓት የሚቆጠረው ሙቀቱ ከረጋ በኋላ ነው፤ ክፍሉ የተፈለገው ዲግሪ ላይ ሲደርስ ሳይሆን ሣጥኑ ሲደርስ። ሰዓት መስረቅ የሚመቸው እዚህ ላይ ስለሆነ ተቆጣጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሙቀት መለኪያው የት እንደተለጠፈ ነው።

ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበትን መሣሪያ አየሩ እየተሳበ ሳለ ማብራት ነው። ሙሉ አየር ይከላከላል፣ ሙሉ ባዶነትም ይከላከላል፤ በመካከል ያለው ስስ አየር ግን ብልጭታ ይፈጥራል፤ ሰርኪቱም ይቃጠላል። ሁለተኛው ቀዝቅዞ ሳለ ክፍሉን መክፈት ነው፤ የክፍሉ እርጥበት ሌንሱ ላይ ውኃ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ቅዝቃዜ መጨረሻ ላይ አይሆንም፤ ሞቆ፣ በደረቅ ናይትሮጅን ተሞልቶ ነው የሚከፈተው። ደግሞም ብልሽቱ የሚታየው ብዙ ጊዜ ጫፍ ላይ ሳይሆን በመሸጋገሪያው ነው። የተሰነጠቀ ብየዳ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ይነካካል፤ በመካከል ለጥቂት ሰከንድ ይለያያል። ሽግግሩን ሳይመዘግብ ጫፍ ላይ ብቻ የለካ ሰው ያችን ሰከንድ አያያትም።

እነዚህ ቁጥሮች ዝም ብለው ከሰማይ አልወረዱም፤ አንድ ጊዜም ተጥለው ነበር። በጁን 1994 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ዊልያም ፔሪ ወታደራዊ ደረጃዎችን ኮንትራት ውስጥ ማስገባት የተለየ ፈቃድ እንዲጠይቅ አዘዘ። ሐሳቡ ዋጋ መቀነስ ነበር። ተቋራጩ የሚበጀውን ያውቃል፣ መንግሥት ውጤቱን ብቻ ይቀበል ተባለ፤ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎችም ቁጥር ቀነሰ። ዓላማው በሙሉ ስህተት አልነበረም፤ ከደረጃዎቹ አንዳንዶቹ በእርግጥ ያረጁ ነበሩ። ከዚያ ኦገስት 1998 የታይታን ሮኬት በገመድ ሽፋን ጉዳት በተፈጠረ የኤሌክትሪክ መቋረጥ ፈነዳ። ኤፕሪል 9 ቀን 1999 የሚሳይል ማስጠንቀቂያ ሳተላይት የተሸከመው የላይኛው ሮኬት ሁለት ክፍሎች እንደሚገባ ሳይላቀቁ ቀሩ፤ መላቀቅ የነበረበት ኮኔክተር (የገመድ መሰኪያ) በሙቀት መከላከያ ቴፕ ተጠቅልሎ ነበር። በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ደግሞ ሚልስታር የተባለ የጦር መገናኛ ሳተላይት የተሳሳተ ምሕዋር ገባ፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ -1.992476 መሆን የነበረበት ቁጥር -0.1992476 ተብሎ ተጽፏል። ገለልተኛ ፈታኞች ነበሩ፤ ግን የፈተኑት በናሙና ቁጥር እንጂ በሚበረው ቁጥር አልነበረም። በ2003 በቶም ያንግ የተመራ ቡድን የብሔራዊ ደኅንነት የሕዋ ፕሮግራሞችን መርምሮ የመንግሥት አቅም መዳከሙን ተናገረ፤ ደረጃዎቹም ወደ ኮንትራት ተመለሱ።

ስለ ሀብል ቴሌስኮፕ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ስለ ፈተናው ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። 2.4 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ጠርዙ ላይ 2.2 ማይክሮን አብዝቶ ተሞርዷል፤ ከፀጉር ውፍረት ከሃያ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ሲሞረድ የሚመራው አንድ የኦፕቲክስ መለኪያ ነበር። የመለኪያው ሌንስ ርቀት የሚወሰነው ጫፉ ላይ ክዳን ባለው የብረት ዘንግ ነው። ክዳኑ ብርሃን እንዳይመልስ ጥቁር ተቀብቷል፤ ቀለሙ ትንሽ ተላጠ፤ ሌዘሩ ከዘንጉ ጫፍ ሳይሆን ከክዳኑ ላይ ተመለሰ። ልዩነቱ 1.3 ሚሊ ሜትር ነው። ሌንሱን በቦታው ለማስቀመጥ ማስተካከያው አልደርስ ሲል ሠራተኞቹ ተራ ሮንዴላ አስገቡ። እስቲ አስቡት፦ በማይክሮን ክፍልፋይ የሚሠራ መሣሪያ «አልደርስም» ሲል ሮንዴላ! ማንም የጥራት ሰው ለምን ብሎ አልጠየቀም።

ሌሎች ሁለት ቀለል ያሉ መለኪያዎች ስህተቱን አሳይተዋል። ዋናው መለኪያ ይበልጥ ትክክል ነው ተብሎ የሁለቱ ውጤት ተናቀ። መስታወቶቹ ሁሉ ተገጣጥመው በአንድነትም ሳይፈተኑ በኤፕሪል 1990 ተወነጨፉ። በሊው አለን የተመራው የምርመራ ቡድን በዚያው ዓመት ሲደርስ መለኪያው እንደነበረ ተቀምጦ አገኘው፤ ርቀቱን ለክቶም ስህተቱን አረጋገጠ። የሙከራ መሣሪያን ሳይፈቱ ማቆየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ሁለት መለኪያ ካልተስማሙ ደግሞ ልዩነቱ ሳይብራራ ሥራው አይቀጥልም፤ የተሻለው መለኪያ የቱ ነው የሚለው ክርክር ማብራሪያ አይሆንም።

ወረቀቱ ራሱ ቢዋሽስ? በፌብሩዋሪ 2009 ኦሲኦ፣ በማርች 2011 ግሎሪ የተባሉ ሁለት የናሳ ሳተላይቶች በአንድ ዓይነት ችግር ጠፉ። የታውረስ ኤክስ ኤል ሮኬት የአፍንጫ ሽፋን ሊላቀቅ ሲገባ አልተላቀቀም። ሽፋኑን የሚለየው ውስጡ ፈንጂ ያለበት የአሉሚኒየም መጋጠሚያ ነው፤ አሉሚኒየሙ በታወቀ መጠን መሰበር አለበት። ናሳ በ2019 ይፋ እንዳደረገው፣ አሉሚኒየሙን ያቀረበው ሳፓ ፕሮፋይልስ የተባለ ኩባንያ ለ19 ዓመት የጥንካሬ ፈተና ውጤቶችን ሲያጭበረብር ኖሯል፤ የወደቀውን ናሙና ያለፈ እያለ ይጽፍ ነበር። ኪሳራው ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ ኩባንያው ለመክፈል የተስማማው 46 ሚሊዮን ነው። ሰርተፊኬቱ ማኅተም ነበረው፣ ቁጥር ነበረው፣ ፊርማ ነበረው። መከላከያው ከየምድቡ ቁራጭ ናሙና ወስዶ በሌላ ላቦራቶሪ አስጎትቶ መስበር ነው፤ የሁሉንም ባይሆን የእንዲህ ዓይነቱን መጋጠሚያ ብረት።

የቀረ ፈተናም አለ። ጄነሲስ የተባለው የናሳ መንኮራኩር የፀሐይ ነፋስ ቅንጣት ይዞ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2004 ዩታ በረሃ ላይ ፓራሹቱ ሳይከፈት ተከሰከሰ። ወደ አየር ሲገባ መንቃት የነበረባቸው የስበት ማብሪያዎች (ግፊቱን አውቀው ፓራሹቱን የሚያስከፍቱት) በንድፉ ላይ ተገልብጠው ተሥለው ነበር፤ ፋብሪካውም እንደ ንድፉ ገጠማቸው። አሽከርክሮ የሚፈትን ሙከራ ታቅዶ ነበር። ክፍሉ ከስታርደስት መንኮራኩር የተወረሰ ነው ተብሎ በንድፍ ማነጻጸር ተተካ። «ከዚህ በፊት በሯል» የሚለው ቃል በዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ ጥፋት አድርሷል። ማርስ ላይ ሊያርፍ የተላከው የማርስ ፖላር ላንደር እግር ዘርግቶ የሚፈተንበት ሙከራ ሲካሄድ ደግሞ የመሬት መንኪያ ዳሳሾቹ ሽቦ በስህተት ተገናኝቶ ነበር። ሽቦው ተስተካከለ፤ ሙከራው ግን አልተደገመም። ሲዘረጋ የሚፈጠረው «መሬት ነካሁ» የሚል የሐሰት ምልክት ስለዚህ አልታየም፤ ዲሴምበር 1999 ለደረሰው አደጋ ይበልጥ ሊሆን የሚችለው ምክንያት ተብሎ የተመዘገበውም ይኸው ነው። የተፈታ ሁሉ እንደገና ይፈተናል የሚለው መስመር ደረጃው ውስጥ አለ። የሚዘለውም እሱ ነው።

ቁጥጥር ይብዛ ማለታችን ግን አይደለም። ናሳ ፕሮግራሞቹን ከሀ እስከ መ ባሉ አራት የሥጋት ደረጃዎች ይከፍላል። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕን የሚያህል ሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ ነው፤ የተማሪ ኪዩብሳት (ትንሽ ሳተላይት) ላይ ያንኑ ጫና መጫን ገንዘብ ማቃጠል ነው። ዌብም ቢሆን ከነዚያ ሁሉ ተቆጣጣሪዎች ጋር በ2018 ከድምፅ ሙከራ በኋላ የፀሐይ መከላከያ ሽፋኑ ብሎኖችና ሮንዴላዎች ረግፈው ተገኙ። የፊርማ ብዛት ፊርማን ያረክሳል፤ አምስት ሰው የሚፈርምበት መስመር ላይ እያንዳንዱ ሌሎቹ አራቱ አይተዋል ብሎ ያምናል። የግዴታ ፍተሻ መቀመጥ ያለበት ከተዘጋ በኋላ የማይታይ ነገር ላይ ነው፦ ሣጥን ከመዘጋቱ በፊት፣ ኮኔክተር ለመጨረሻ ጊዜ ሲገጠም፣ ፈንጂ መስመር ሲያያዝ፣ ዕቃው ከመነሳቱ ወይም ከመገልበጡ በፊት። ጥቂት ይሁን፤ አንዱም አይዘለል። ማለፍ ካስፈለገ ደግሞ ፈቃዱን የሚሰጠው መርሐ ግብሩ የሚያስጨንቀው ሰው አይሁን።

ይህ ለገዢ አገርም ይሠራል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን የተወነጨፈችው ኢቲአርኤስኤስ 1 የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ናት፤ ቀጣይዋም በውጭ አገር ፋብሪካ ብትሠራ ከሳተላይቷ ጋር የምንረከበው የሰነድ ጥራዝ አለ። ውስጡ ሊኖር የሚገባው፦ የእያንዳንዱ ሣጥን የንዝረትና የቫኪዩም ውጤት በሥዕል ሳይሆን በጥሬ ቁጥር፣ ከደረጃ ውጭ የወጡና በፈቃድ የታለፉ ነገሮች ዝርዝር፣ የኮኔክተሮች የመገጠምና የመነቀል ቆጠራ፣ ከመዘጋቱ በፊት የተነሳ ፎቶ፣ ሳይበላሽ የሠራበት ሰዓት (ጎዳርድ ከመወንጨፉ በፊት ያሉት የመጨረሻ 350 ሰዓታት ያለ ብልሽት እንዲያልፉ ይፈልጋል)፣ የብልሽት መዝገብም። ይህ ሁሉ ኮንትራቱ ሲፈረም ካልተጻፈ በኋላ በልመና አይገኝም፤ በቦታው ተገኝቶ የማየት መብትም እንዲሁ።

ጥራዙ ሲመጣ ከኋላ፣ ከብልሽት መዝገቡ ጀምሩ። በብዙ ወራት ሙከራ አንድም ብልሽት ያልተመዘገበበት ሳተላይት ካጋጠማችሁ መዝገቡ አልተያዘም ማለት ነው፤ ዕቃው አልተበላሸም ማለት አይደለም። ከተመዘገቡት ውስጥ «ተዘግቷል» የሚለውን እያንዳንዱን አንሡና ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ምክንያቱ ተጽፏል? ከጥገናው በኋላ የተደገመው ሙከራ ቁጥር ተያይዟል? በዚያ ቀን ጠረጴዛው አጠገብ የቆመው ሰው ከሠራው ሰው ሌላ ነው?